ስም ነው እንጂ ስድብ ነው እንዴ?

በ2010 ዓ.ም. ጥምቀትን ሊያከብሩ ጎንደር ከገቡት እንግዶች አንዷን ወለቃ አድርሶ የመመለስ ዕጣ ለእኔ ደረሰኝ። እንግዳዋ ከእስራኤል የመጣች፣ ዕድሜዋ አርባን የተሻገረ ሴት ናት። የተወለደችው አምቦበር ነው። በ1976 ዓ.ም. ገና ልጅ ሳለች ከወላጆቿ ጋር በእግሯ ወደ ሱዳን ወጣች፤ ከዚያ ደግሞ በአውሮፕላን እስራኤል ገባች። አማርኛዋ ጥርት ያለ የጎንደር አማርኛ ነው፤ ግን የልጅ አማርኛ ነው፤ በወጣችበት ዕድሜ ላይ ቆሞ ቀርቷል። ስለ ጥጃና ስለ ወንዝ ስታወራ እኔን ታስንቀኛለች፤ ስለ ግብርና ስለ ቀበሌ ሲሆን ግን ቃል ትለምነኛለች።

ወለቃ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ናት። ድሮ ከከተማው ወጣ ያለች መንደር ነበረች፤ አሁንማ ከተማው ራሱ እየሄደ ደርሶባታል። ባጃጅ ይዘን ሄድን። ገና ሳንወርድ ልጆች ከበቡን። በእጃቸው የሸክላ አንበሳ፣ የሸክላ ርግብ፣ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ ያለበት ሳህን ይዘዋል። ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባም አሉ፤ ሁለቱም አንድ አልጋ ላይ ተጋድመዋል። (ሠሪዋ ጨዋ ሰው መሆን አለባት፤ እስከ አንገታቸው ድረስ አልብሳቸዋለች።) ከልጆቹ አንዱ፣ ዐሥር ዓመት ቢሆነው ነው፣ ሌሎቹን ቀድሞ እንግዳዬ ፊት ቆመና በፈገግታ ተሞልቶ «ሻሎም! ፈላሻ! ፈላሻ! ርካሽ ነው!» አላት።

ቀጥ ብላ ቆመች። ከልጁ ራስ በላይ፣ መንገዱ ዳር፣ በፈረንጅ ፊደል «ፈላሻ መንደር» የሚል ሰሌዳ ተተክሏል። ሰሌዳውን አየች፣ ልጁን አየች፣ ዞራ እኔን አየችኝ።

«ይኼን ልጅ ምን በደልሁት?» አለችኝ።

እኔም ደንገጥ ብዬ፣ «ኧረ አልሰደበሽም! ስም ነው እንጂ ስድብ ነው እንዴ? እዚህ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው» አልኳት።

«እሱንማ አውቃለሁ» አለች። «ሰው ሁሉ ነው የሚለው።»

እኔ ያጽናናኋት መስሎኝ ነበር። ልጁም አላጠፋም፤ አባቱ ሳይወለድ የነበረ ስም ነው የጠራው። ሰሌዳውን የተከለውም ሰው ቱሪስት እንዲያይለት እንጂ ሰው ሊያስለቅስ አልተከለውም። ታዲያ ማንም ያልሰደባት ሴት እንዴት ተሰደበች?

ቃሉን እንየው። ግንዱ ግእዝ ነው፤ ፈለሰ ማለት ከአገሩ ወጣ፣ ተሰደደ ማለት ነው። ከዚሁ ግንድ ፍልሰታን አግኝተናል፤ በነሐሴ ሕፃኑ ሳይቀር የሚጾማትን። በድሮ መጻሕፍት ፈላሲ የሚባለው መናኝ መነኩሴም ነው። እንግዲህ ያው አንዱ ግንድ ለእመቤታችን ሲሆን ጾም፣ ለመነኩሴ ሲሆን ክብር፣ ለጎረቤታችን ሲሆን ግን ሌላ ነገር ሆነ። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነገሡት ዐፄ ይስሐቅ ቤተ እስራኤልን ድል ካደረጉ በኋላ፣ ክርስትና የተነሣ የአባቱን ርስት እንዲይዝ፣ እምቢ ያለ ግን ፈላሲ ሆኖ እንዲቀር ዐወጁ ይባላል። ስለ ቃሉ አመጣጥ የታሪክ ሰዎች ብዙ ተከራክረውበታል። ከክርክሩ ውጪ የሆነው ግን አብዛኞቹ ቤተ እስራኤል ለዘመናት ርስት አልባ ሆነው መኖራቸው ነው።

ርስት ማለት በእኛ አገር ምን እንደነበር ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። ርስት የሌለው ሰው አገር የለውም፤ የሰው መሬት ላይ ያለ ጭሰኛ ነው። ሞፈርና ቀንበሩን ያጣ ሰው ምን ይሥራ? ብረት ቀጠቀጠ፣ ሸማ ሸመነ፣ ሚስቱ ሸክላ ሠራች። ጎንደር የነገሥታት መዲና ስትሆንም ግንብ ገንቢና አናጺ ሆኖ ገባ። ዛሬ ፎቶ የምንነሣበት የፋሲል ግቢ የእነሱም እጅ አለበት። በአጭሩ «ፈላሻ» ማለት ለሰሚው «እዚህ መሬት የለህም» ማለት ነበር፤ ያውም በየቀኑ፣ ከልጅ አፍ ሳይቀር። እኛ ግን ስም ነው የሚመስለን፤ ርስቱ ከእኛ ጋር ስለነበረ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ለአራሹ ሲታወጅ ይኼ የቃሉ ትርጉም በሕግ ሞተ። ቤተ እስራኤልም እንደ ማንኛውም ገበሬ መሬት የማግኘት መብት አገኙ። ዐሥር ዓመት ሳይሞላ ግን ጦርነቱም ድርቁም የኢየሩሳሌም ናፍቆቱም ተደራርቦ በሺዎች የሚቆጠሩት ወደ ሱዳን ተመሙ። በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች ወደ 4,000 የሚሆን ሰው እንዳለቀ ይነገራል። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ተጫነ። ወለቃም ባዶ ቀረች። ፈላሻ ሲባሉ የኖሩት ሰዎች ፈለሱ፤ ስሙ ግን ሰሌዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ አልለፍ። ጆሴፍ ሀሌቪ የሚባል ከፈረንሳይ የመጣ ይሁዲ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ መጨረሻ ወደዚህ አገር ዘልቆ ነበር። ቤተ እስራኤልን ሲያገኝ እኔም እንደ እናንተ ፈላሻ ነኝ አላቸው። እነሱም ተገረሙ፤ ነጭ ፈላሻ ደግሞ አለ ወይ ብለው ጠየቁት። ያመኑት ኢየሩሳሌምን ሲጠራላቸው ነው። ይኼን ለእንግዳዬ ስነግራት ሳቀች። «እሱማ ራሱን ከእኛ ጋር ቆጥሮ ነው» አለች።

እኔ ያደግሁት ጎንደር ከአያቴ ጋር ነው። ትልቁ ገበያችን ቅዳሜ ነው፤ አንዲት ሸክላ ሠሪ ግን ቅዳሜ ሰንበቷ ስለሆነ በሌላ ቀን እንስራና ምጣድ ተሸክማ ቤት ድረስ ትመጣልን ነበር። አያቴ የእሷን ጀበና የመሰለ የለም ትላለች። ፊት ለፊት «እትዬ» ነው የምትላት። ድምፅዋን ከሩቅ ስትሰማ ግን መጀመሪያ የምታደርገው ታናሽ እህቴን አፋፍሳ ጓዳ መክተት ነው፤ «እንዳትበላብኝ» እያለች። በእኛ ሰፈር እምነት ሸክላ ሠሪና ብረት ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፤ ሌሊት ጅብ ሆኖ ያድራል። ቡዳዋ በጠፈጠፈችው ጀበና ግን ሦስት ጊዜ ቡና እንጠጣለን። ቡዳነቷ ወደ ጀበናው እንዴት እንደማይተላለፍ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም።

አንድ ቀን አያቴ ሂሳቡን ልትሰጣት እጇን ዘረጋች። ሴትዮዋ አልተቀበለቻትም፤ «መሬት ላይ ያኑሩልኝ» አለች። ሳንቲሙን መሬት ላይ አኖረችላት፤ አንሥታ ሄደች። ከዚያ በኋላ አያቴ ቀኑን ሙሉ ነደደች። «እኔን! እኔን ተጸየፈችኝ! አትንኩኝ!» ልጅ ደብቃ የወጣችው አያቴ መሰደቧን ለጎረቤት ሁሉ ስታወራ ዋለች። ነገሩ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ቤተ እስራኤል በሃይማኖታቸው የንጽሕና ሥርዓት ከእነሱ ውጪ የሆነን ሰው ከነኩ ታጥበው ነው ወደ መንደራቸው የሚገቡት። ቤታቸውን ወንዝ ዳር የሚሠሩትም ለዚሁ ነበር። ክርስቲያኑም በዚህ የተነሣ «አትንኩኝ» የሚል የፌዝ ስም አወጣላቸው። ለሴትዮዋ ሥርዓት ነው፤ ለአያቴ ስድብ ነው። ልጅ ጓዳ መክተት ለአያቴ ጥንቃቄ ነው፤ ሴትዮዋ ያንን አላየችም ብዬ ግን ዛሬ አላምንም። ያንን ቤት ስንት ጊዜ ስትመጣ ሕፃን ልጅ አይታበት አታውቅም!

መንግሥትም ነገሩን አይቶት ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አስነገሩ። ብረት ቢሠራ ጠይብ ትሉታላችሁ፣ ቢጽፍ ጠንቋይ ትሉታላችሁ፣ እንዲህ ከሆነ አገር በምን ይለማል የሚል መንፈስ ያለው ዐዋጅ ነው። ዐዋጁ ከተነገረ ከስልሳ ዓመት በኋላም አያቴ አልሰማችም። ነጋሪቱ የተመታው አደባባይ ላይ ነው፤ ስድቡ የሚኖረው ጓዳ ውስጥ ነው።

ይኼ እንግዲህ የአንድ አገር ሰዎች፣ አንድ ቋንቋ የሚናገሩ ጎረቤታሞች ጉዳይ ነው። ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሰው ሲገባበት ደግሞ ምን እንደሚሆን ከወለቃ ወደ ሰሜን የሚቀጥለው መንገድ ያውቃል። መንገዱ ወገራ ያደርሳል፤ በጥቅምት 1856 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ እዚያ ሰፍረው ነበር። ሄንሪ ስተርን የሚባል ሚሲዮናዊ ወደ ባሕር ሲወርድ እግረ መንገዱን እጅ ሊነሣ ወደ ሰፈሩ ጎራ አለ። ስተርን በትውልዱ ጀርመናዊ ይሁዲ ሆኖ ክርስትናን የተቀበለ ሰው ነው። እዚህ አገር ያመጣውም ይኸው የቤተ እስራኤል ጉዳይ ነበር፤ ለእነሱ እንዲሰብክ ንጉሡ ራሳቸው ፈቅደውለት ነበር፤ የሚያጠምቃቸው ግን በተዋሕዶ ሥርዓት እንዲጠመቁ ተዋውለው። ስለ ጉዞው የጻፈው መጽሐፍም እ.ኤ.አ. በ1862 ለንደን ታትሟል።

ንጉሡ ፊት ሲቀርብ አስተርጓሚነቱ አላማረም። ንጉሡ ተቆጥተው የስተርንን ሁለት አገልጋዮች አስደበደቡ፤ ሁለቱም በዚያው ሞቱ። ስተርን ያንን ማየት አቅቶት ዞር አለና እጁን ወደ አፉ ወስዶ አውራ ጣቱን ነከሰ። ፈረንጅ ሲጨንቀው እንዲህ ያደርጋል። እኛ ዘንድ ግን ጣት መንከስ «ቆይ ብቻ!» ማለት ነው፤ የዛቻ ምልክት ነው። ንጉሥ ፊት፣ ሠራዊት እያየ! እሱንም አስገረፉት። አንዲት ቃል ሳይናገር ተሳደበ ማለት ነው። (አንዳንድ ሰው ስተርን የአገሩን ልማድ ስለሚያውቅ በእርግጥም ዝቶ ነው ይል ይሆናል። እኔ ግን ሁለት አገልጋዮቹ ዓይኑ ፊት ሲሞቱበት ልማድ የሚያስብ ሰው ያለ አይመስለኝም።)

ከዚያ በኋላ ወረቀቶቹና መጽሐፉ ተፈተሹ፤ በኅዳር ወር ለፍርድ ቀረበ። በመጽሐፉ ውስጥ የንጉሡ እናት በችግራቸው ጊዜ ኮሶ ይሸጡ እንደነበር የሚናገር ቦታ ተገኘ። ለለንደን አንባቢ ይኼ ምኑም ስድብ አይደለም፤ እንዲያውም ከድኻ ቤት ተነሥቶ ዘውድ የጫነ ሰው ገድል ማሳመሪያ ነው። ለቴዎድሮስ ግን ያቺ ቃል አሮጌ ቁስል ነበረች። ገና ካሳ ሳሉ የእቴጌ መነን ሹም ደጃዝማች ወንድይራድ ያንን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ እመጣለሁ ብሎ ፎክሮ ነበር ይባላል። ካሳ ድል አድርገው ሲይዙት እናቴ ገበያ ወጥታ ሳይሸጥላት የቀረ ነው ብለው ያንኑ ኮሶ አስጠጡት። ወንድይራድ በአማርኛ ሰደባቸው፤ በአማርኛ መለሱለት፤ ሒሳቡ ተዘጋ። ስተርን ግን ያንኑ ቃል በማያውቁት ቋንቋ፣ በማይደርሱበት አገር አሳትሞ አወጣው። ማንን ኮሶ ያጠጡ? ስለዚህ ስተርን ታሰረ። ቆንስሉ ካሜሮንና ሌሎቹም ተከተሉት። የንግሥት ቪክቶሪያ መልስ መቅረት ከሁሉ የከፋው በደል ሆኖ ነገሩ እየከረረ ሄደና ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ አበቃ። መቅደላን ያመጣው ስድብ ነው አልልም። ግን ከጥይቱ በፊት ጣትና ኮሶ ነበሩ፤ መልስ ያላገኘ ደብዳቤም ያው ስድብ ነው።

ወደ ወለቃ ልመለስ። እንግዳዬ ከሰሌዳው ሥር አልሄድም ብላ ትንሽ ከቆየች በኋላ ወደ ሸክላ ሠሪዎቹ ዳስ ገባን። አንዲት ጠና ያሉ ሴት እጃቸው እስከ ክርናቸው ጭቃ ሆኖ ጀበና ያለሰልሳሉ፤ አንገታቸው ላይ ማተብ አለ። ቤተ እስራኤል ከሄዱ በኋላ ሥራውን የያዙት ክርስቲያኖች ናቸው። በርጩማ ሰጥተውን ቡና ተፈላ። እንግዳዬ ማን እንደሆነች ሲያውቁ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እኔ ይኼን ሥራ የለመድሁት ከእናንተ ሴቶች እያየሁ ነው፤ ስጀምር ያማቴ ቡዳ ሆነሽ ቀረሽ ብላ ስንት ጊዜ እንጀራ አብራኝ አልቆረሰችም» አሉ። እኔ ከሳቅ ይልቅ ክው አልኩ። ሰዎቹ ሄደው ስድቡ ቤት ሳይቀይር ሌላ ሰው አግኝቷል።

እንግዳዬ ያኔ ነው የተናገረችው። እስራኤል በገባች በመጀመሪያው ዓመት ትምህርት ቤት ልጆች «ኩሺ» ይሏት ነበር። «አስተማሪዋ ጋ ሄጄ አለቀስሁ። እሷም ስም ነው እንጂ ስድብ አይደለም፣ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ያለ ነው አለችኝ። አንተ ቅድም እንዳልከኝ።»

ቡናው አንቆኝ ነበር። ምክንያቱም አስተማሪዋ እውነቷን ነው። በዕብራይስጡ መጽሐፍ ኩሽ ተብሎ የተጻፈው ነው በግሪኩ በኩል ዞሮ በእኛ መጽሐፍ ኢትዮጵያ የሆነው። እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ስለምትዘረጋው አገር የሚናገረው፣ በየግድግዳችን የምንሰቅለው መዝሙር በዕብራይስጥ ኩሽ ነው የሚለው። የሙሴ ኢትዮጵያዊት ሚስትም እዚያ ኩሺት ናት። እኛ የምንኮራበት ስም እስራኤል መንገድ ላይ ጥቁርን ማንኳሰሻ ሆኗል። እዚያም ዕድሜው የገፋ ሰው በእኛ ጊዜ ክፉ ቃል አልነበረም ይላል አሉ። ጎንደር «ፈላሻ» ተብላ የወጣች ልጅ ኢየሩሳሌም ስትደርስ «ኢትዮጵያዊት» ተብላ ተሰደበች ማለት እኮ ነው።

እሷ ግን በዚህ አላበቃችም፤ ለዚህ ነው የወደድኋት። «እኛም ንጹሕ አይደለንም» አለች። «እናቴ ቀይ ነን ነው የምትለው። ከድሮ ጌቶችና ባሪያዎች የቀረ ነገር አለ፤ እከሌ ዘሩ ባሪያ ነው ይባላል። እዚያ ነጮቹ ሁላችንንም አንድ አድርገው ጥቁር ይሉናል፤ እኛ ደግሞ ሠርግ ቤት ቁጭ ብለን ባሪያ እንባባላለን። ለእናቴ ይኼ ስድብ ነው ስላት ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ?»

አላወቅሁም ማለት አልቻልኩም።

ስንወጣ ያ ልጅ ደጅ ሆኖ ጠበቀን። ሴትየዋን እንዳስከፋት ገብቶታል፤ ለምን እንደሆነ ግን አልገባውም። «እትዬ፣ ታዲያ ምን ልበላችሁ?» አላት። ጎንበስ ብላ «ቤተ እስራኤል በለን» አለችው። ልጁ ሁለት ሦስት ጊዜ በአፉ አላመጠው። «ይረዝማል» አለ፤ «ሰሌዳው ላይም የለም። ፈረንጆቹ አይገባቸውም።» እውነቱን ነው፣ ምን ይባላል! ወዲያው ቱሪስት የጫነ መኪና ከከተማው በኩል ሲመጣ ሳህኑን አንሥቶ በረረ፤ የሚጮኸው ያንኑ የድሮውን ነበር። አንድ ጊዜ ግን ዞር ብሎ አይቶናል።

እንግዳዬ አንድ ጀበና ገዝታ መቶ ብር ሰጠች። ሸክላ ሠሪዋ መልሱን ቆጠሩና ሰሌኑ ላይ አኖሩላት፤ «እጄ ጭቃ ነው፣ ልጄ» አሉ። እሷ ብሩን ከሰሌኑ አላነሣችም። እጇን ዘርግታ፣ «በእጄ ይስጡኝ» አለቻቸው።